ኢ-አራት እና የእኔ ጆሮ

ወንድሜ ኦርጋኔን ሳይጠይቀኝ ወስዶ ያሠራው በሁዳዴ ነው። በጾሙ ሰርግ ስለሌለ ባንዱ ይበተናል፤ ዕቃው መካኒሳ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ቤት ጀርባ በተከራየናት የልምምድ ክፍል ውስጥ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በፋሲካ ማግስት ለልምምድ ስገባ የዕቃዬ ፊት ተለውጦ ጠበቀኝ። ቀይ ቁጥር የምታሳየው ትንሿ መስኮት ወጥታ በምትኩ ሰማያዊ ስክሪን ገብቶበታል።

ኦርጋን የምለው ሰርገኛው ሁሉ እንዲያ ስለሚለው ነው እንጂ ሲንተሳይዘር ነው። ጎኑ እንጨት የሆነ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ከእኔ ጋር ያረጀ። ልጆቼን ያሳደግኩት እሱን እየተጫወትኩ ነው። ወንድሜ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ የባንዱም አለቃ እሱ ነው። ታላቄ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ መባሉ ግን ያልተጠየቀውን ሁሉ እንዲወስን ፈቃድ የሰጠው ይመስለዋል።

"አፕግሬድ አስደረግኩልሽ" አለኝ። "አሁን ሜሞሪው ብዙ ነው፤ ከኮምፒውተር ጋርም ይገናኛል። ደስ አይልሽም?"

ደስ አላለኝም። የሰው ዕቃ ሳይጠየቅ አይከፈትም። ሌሎቹ የባንዱ አባላት ቆመው እያዩን ስለነበር ግን ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ሶኬቱን ሰካሁ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲበራ ወዲያው አይጫወትም። መጀመሪያ ውስጡን እየዞረ ራሱን ይፈትሻል፤ ጉድለት ካገኘ በኮድ ይናገራል። ያን ቀን ፈትሾ ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ ኢ-አራት የሚል ኮድ አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ጠፋና ምንም እንዳልሆነ ለመጫወት ተዘጋጀ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ወንድሜ ዕቃውን ላደሰው ቴክኒሻን ደወለ። ቴክኒሻኑም ይህን ዕቃ ከድሮ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ ኢ-አራት ማለት ባትሪው ደከመ ማለት እንደሆነ ነገረን። መጥቶ ባትሪ ቀየረ። በማግስቱ ሳበራው ያው ኢ-አራት። ሌላ ባትሪ አመጣ፤ ያው። ከዚያ በኋላ ልማዱ ነው፣ ዝም ብላችሁ እለፉት ተባልን።

ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ሰርጉ ተከታተለ። ላፍቶ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ለስለስ ያለ ዜማ እየተጫወትኩ ሳለ አንዷ ድምፅ ከቅኝቱ ወረደች። ጣቴን አየሁ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ላይ ነው። ያንኑ ቁልፍ ደግሜ ስነካው ደህና ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ቁልፍ ላይ ወረደ። ቦታውን እየቀያየረ ስለሚመጣ መያዣ መጨበጫ አልነበረውም። በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችለው ድምፃዊታችን ማይኩን ከአፏ አርቃ ዞር ብላ አየችኝ። በሕዝብ መሀል እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

ዕቃ ስንጭን ወንድሜ ሁሉም እየሰማ፣ "እህቴ፣ ጆሮሽ ደክሟል" አለኝ። "ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል።"

የእኔ ጥፋት አይደለም፣ ዕቃው ነው አልኩት። ዕቃውማ ገና መታደሱ ነው ብሎ አሳቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ በወረደ ቁጥር እነሱ ይተያያሉ። ወንድሜ ብቻዬን የምጫወትባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ወስዶ ለሳክስፎኑ ሰጠብኝ። ሌላ ኪቦርድ ተጫዋች እያፈላለገ መሆኑን ከሰው ሰማሁ። በመጨረሻ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩና የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ አስመርምሮኝ ጆሮሽ ደህና ነው አለኝ። ይህንን ለወንድሜ ብነግረው፣ ሐኪም ስለ ቅኝት ምን ያውቃል ብሎ መለሰልኝ። ቂም የያዝኩበት ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ዕቃዬን በሚኒባስ ጭኜ ጀሞ ቤቴ ወሰድኩት። ጎረቤቴ አግዞኝ ፎቁን አወጣነው። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አበራሁት። ኢ-አራት አለ። ዜማ አልተጫወትኩም። አንዲት ቁልፍ መርጬ እሷኑ ብቻ ደጋግሜ መታሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደህና። አራተኛው ላይ ወረደ። ቀጠልኩ። አምስት ጊዜ ደህና ሆነና ቀጥሎ ደግሞ ወረደ። አጥፍቼ አብርቼ ሌላ ቁልፍ ሞከርኩ፤ አሁንም የወረደው አራተኛው ላይ ነው።

ይህ ዕቃ በውስጡ ድምፅ የሚያወጡ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ቁልፍ በተመታ ቁጥር በተራ ይቀባበላሉ። የታመመው አራተኛው ነበር። ተራው በደረሰ ቁጥር ጣቴ ያረፈበትን ቁልፍ ያበላሻል። ዕቃው በተነሳ ቁጥር አራተኛዬን አሞኛል ይላል፤ እኛ ባትሪ እንቀይርለታለን። ቴክኒሻኑ ውስጡን ሲያድስ የኮዶቹም ትርጉም አብሮ ተለውጧል። እሱ ግን አዲሱን በአሮጌው ቋንቋ ያነብ ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው።

በማግስቱ ብስራተ ገብርኤል ቴክኒሻኑ ሱቅ ገባሁ። "ማዘር፣ ጥለውት ይሂዱ፣ እኔ አየዋለሁ" አለኝ።

"አልሄድም። ፊቴ ክፈተው" አልኩት።

ቁልፉን እየመታሁ አሰማሁት። አራተኛው ላይ ሲወርድ ፊቱ ተለወጠ። ከፈተው። የአራተኛው ክፍል ቺፕ አንዷ እግር ቀዳዳዋ ውስጥ አልገባችም፤ ከሥሩ ተጣጥፋ ቀርታለች። ሲያድሰው በጥድፊያ ተጭኗት መሆኑን እሱም አልካደም። በወረንጦ አቅንቶ መለሳት። ስናበራው ኮድ የሚባል ነገር አልመጣም።

"ትንሽ ነገር ናት፣ ማዘር" አለኝ።

ስንት ሰርግ ላይ እንደተሸማቀቅኩ ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ንዴቴ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር።

በልምምድ ቀን ዕቃዬን ይዤ መካኒሳ ሄድኩ። ሁሉም ባሉበት የሆነውን አስረዳሁና ተጫወትኩላቸው። አንድም ድምፅ አልወረደም። ወንድሜ፣ እሰይ ተገኘ ብሎ ጊታሩን አነሳ፤ ልምምድ ልንጀምር።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ጆሮሽ ደክሟል ያልከኝ በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። አሁንም በፊታቸው ጆሮሽ ልክ ነበር በለኝ።"

"ተሠራ አይደል? ነገር አታክርሪ።"

ድራመሩ አቀረቀረ። ድምፃዊቷ ስልኳን መነካካት ጀመረች። አንድ ሰው እንኳ እውነቷን ነው አላለም። ሶኬቱን ነቀልኩ። ገመዱን ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩና የብረት ቤቱን ሠራተኞች ጠርቼ ዕቃዬን አስጫንኩ። ወንድሜ ቅዳሜ ሰርግ አለብን እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ። ዞሬም አላየሁት።

አሁን የምጫወተው ከሌላ ባንድ ጋር ነው። ወንድሜ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለኦርጋን ብላችሁ ሥጋና ደም ትለያያላችሁ ወይ ብለው ገሠጹኝ። ስለ ኦርጋን አይደለም፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የምጠይቀው፣ እሷን ያውጣ አልኳቸው። ይዘውለት ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ከአፉ አልወጣችም።

ለእንቁጣጣሽ እናታችን ቤት ተገናኘን። ለእሷ ስንል ተሳሳምን። ገበታ ላይ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ዝቅ ብሎ፣ "ኦርጋኑስ ደህና ነው?" አለኝ።

ደህና ነው አልኩት። ሳህኔን ይዤ ተነስቼ ከልጆቹ ጋር ሌላው ክፍል ገብቼ በላሁ።