ሳጂዳና የአጎቷ ራስ ምታት

ሳጂዳ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ነበረች። ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች፤ ስልክ ስታወራ ከበር እስከ መስኮት ትመላለሳለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ፣ ኖርዝ ሜልቦርን ካለው የመንግሥት ፎቅ አሥራ አንደኛው ላይ ከአጎቷ ከጀማለዲን ጋር ትኖር ነበር።

እንጀራዋ ግን ቁጭ ብሎ መቁጠር ሆነ። በአንድ ላቦራቶሪ በአጉሊ መነጽር አጎንብሳ፣ ማክሮፋጅ የሚባሉት ትልልቅ ነጭ የደም ሴሎች ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ ስንቱን እንደዋጡ ትመዘግባለች። ሴሉ ባዕድ ነገር ሲያገኝ ላዩን ዳብሶ ያውቀዋል፤ ከዚያ ገላውን እንደ ክንድ ዘርግቶ ያቅፈውና ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ይሄ ፈንገስ ግን ወፍራም ዝልግልግ ሽፋን ይለብሳል። የሚታወቅበት ምልክት ከሽፋኑ ሥር ይቀራል፤ ሴሉም ይነካውና ዝም ብሎ ያልፈዋል።

«አጠገብህ ነው እኮ!» ትለዋለች ሳጂዳ ሴሉን በአማርኛ። ባልደረቦቿ ይስቃሉ።

ጀማለዲን ላቨርተን ኖርዝ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብለው አሮጌ የባሕር ዛፍ ግንድ ይፈልጣሉ። «ሽታው ደሴ ያደርሰኛል» ይሉ ነበር። ያን ክረምት ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። የሰፈሩ ሐኪም ማይግሬን ነው ብሎ ፓናዶል የሚባለውን ማስታገሻ ሰጣቸው። እሳቸውም በበኩላቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው ታጠኑ። ሳጂዳ «ሐኪሙ እንደገና ይይዎት» ስትላቸው «ሺፍት አለብኝ» አሉ። እሷም ተወችው። አምስት ሳምንት አለፈ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከሱቅ ስትመለስ ሳሎኑ ጨልሟል።

«ሳጂ፣ መጋረጃውን እንዳትከፍቺው። ብርሃኑ ይወጋኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐሙስ። አሁንማ አንዱ ትራም ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ።»

የያዘችውን አስቀምጣ ታክሲ ጠራች።

ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ብዙ ጠየቀ። ስኳር የለም፣ ሌላ በሽታም የለም፤ ሰውዬው ጤነኛ ነበሩ። ከጀርባ አጥንታቸው ለምርመራ ፈሳሽ እንደሚወስድ ነግሯት ገባ። ሳጂዳ ኮሪደሩን ስትመላለስበት የአጎቷ ጃኬት ክንዷ ላይ ነበር። ኪሱ ውስጥ እጇን ስትከት የእንጨት ፍቅፋቂ ነካች። ቀጥ አለች። እሷ የምትቆጥረው ፈንገስ አንድ ወንድም አለው፤ እዚሁ አገር በአሮጌ ባሕር ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር፣ በትንፋሽ የሚገባ፣ ጤነኛውንም ሰው የማይምር። የሁለቱን የጋራ ስም በየቀኑ ጠርሙስ ላይ ትጽፈዋለች።

ሐኪሙ ወዳለበት ክፍል ሳታንኳኳ ገባች። «ፈሳሹን ክሪፕቶኮከስ እንዳለበት እዩልኝ።»

«ነርስ ነሽ?»

«አይደለሁም። ፈንገሱን ግን አውቀዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። ነበረበት፤ የአንጎላቸው ሽፋን ላይ ደርሷል፤ በራጅም ሳንባቸው ውስጥ ታየ።

ስድስት ሳምንት መድኃኒት በደም ሥራቸው ተንጠባጠበ፤ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ትንሽ ሲሻላቸው ጠየቋት።

«የደሜ ወታደሮች፣ እነዚያ የምትቆጥሪያቸው ሴሎች፣ ምን ነካቸው? ተኝተው ነው?»

«አልተኙም አጎቴ። ደርሰውበት ነበር፤ ሽፋን ስለለበሰ አላወቁትም። አንዳንዴም ይውጡትና ሳይሞት መልሰው ይተፉታል።»

«ታዲያ አሁን?»

«መድኃኒቱ ያዳክመዋል። የቀረውን እነሱ ይለቅሙታል።»

«እንግዲያው ይፍጠኑ በያቸው፤ መተኛት ሰለቸኝ።»

ልትስቅ ፈልጋ እንባ ቀደማት። «አምስት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ነበሩ። ሥራዬ ይሄን ፈንገስ ማየት ሆኖ ሳለ አላየሁትም።»

«አንቺ ብትነግሪኝስ መቼ እሰማሽ ነበር?» አሉ ጀማለዲን።

ዳኑ። የግራ ዓይናቸው ግን እንደ ጭጋግ ሆኖ ቀረ፤ ፎርክሊፍት መንዳትም አበቃ። መጋዘኑ በር ላይ የሚገባውን መኪና እንዲመዘግቡ አደረጋቸው፤ ክኒኑንም ከዓመት በላይ ዋጡ። ሳጂዳ ወደ መቁጠሯ ተመለሰች፤ ልቧ ግን አላረፈም። አንድ ቅዳሜ ሁለት ካርቶን የአቧራ ማስክ ገዝታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ እንጨት ወደሚፈለጥበት ግቢ ሄደች። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሰምተዋት አጠለቁ። ኪዳነማርያም የሚባለው ሽማግሌ ግን ሳቀባት።

«እኔ በባሕር ዛፍ መካከል ነው ያደግሁት፣ ልጄ።»

«አጎቴም እንደዚያው ነበሩ» አለችው፤ ማስኩን ዘርግታ እስኪቀበላት ድረስ ከፊቱ አልተነቃነቀችም።