የአስራ አንድ ሰዓቱ ቀስት

ጋዲሴ ጀቤሳ የሒሳብ መምህርነቷን ትታ ቤት ከዋለች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ኦቦ ጀቤሳ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ጀርባቸው ይቆስላል። ስለዚህ አዳማ ለእሷ ከመኝታ ቤቱ እስከ ግቢው በር ያለችው ሃያ ሦስት እርምጃ ናት። እሑድ እንኳ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር የምትሰማው ከሩቅ ነው። ድምፁ ስለሚደርሳት ታመሰግናለች።

እዚያው ተቀምጣ ከስልኳ አንድ ትምህርት ለራሷ አስተማረች። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ባንድነት የሚለካበት ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር አለ፤ ነጋዴዎች ይወጣል ይወርዳል እያሉ በቀጠሮ ውል፣ ማለትም ዛሬ ዋጋ ቆርጠው ወደፊት በሚፈጽሙት ስምምነት፣ ይገበያዩበታል። የጋዲሴ ደንብ አጭር ነበር። ገበያው በእኛ ከቀኑ አስር ተኩል ላይ ይከፈታል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዋጋው ከመክፈቻው ከፍ ካለ መግዛት፣ ዝቅ ካለ መሸጥ፣ ከዚያ እስከ መዝጊያው መያዝ። ቁልቁለት የጀመረ ጋሪ መሐል ላይ አይቆምም ብላ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት እንዲህ ያለ ደንብ ሠርቶ የሚፈትሽ ሰው ይፈልግ ነበር። ደመወዙ ለአባቷ አስታማሚ ይቀጥራል፤ እሷም ከበሩ ትወጣለች።

ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባሉት መቶ ሃያ የገበያ ቀናት ደንቡን ፈተነችው። የየቀኑን ግራፍ በታብሌት አይተው፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዋጋው የት እንደነበር በደብተር ላይ የላይ ወይም የታች ቀስት የሚያሰምሩት ኦቦ ጀቤሳ ናቸው፤ በደህናው ግራ እጃቸው። ትርፍና ኪሳራውን እሷ ታሰላለች። ሥራ ካገኙ ወዲህ ሽማግሌው ፊታቸው በርቷል።

«ቢሮ ገብቻለሁ፤ በሾርባ አትረብሺኝ» ይላሉ።

ከመቶ ሃያው ቀን መቶ አራቱ አተረፈ፤ ውጤቱን ለድርጅቱ ላከችው። የድርጅቱ ሠራተኛ ትህትና ደወለች። «ጋዲሴዬ፣ አለቆቼ ጉድ ነው ያሉት! ሰኞ መጥተሽ ፈርሚ።»

ደስታዋ አንድ ቀን አልሞላም። መቶ አራት በዛባት። ተማሪ ከመቶ መቶ ሲያመጣ መጀመሪያ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ የምታይ መምህር ነበረች። ታብሌቱን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እስቲ ይቺን ቀን እያየሁዎት ያመልክቱልኝ።»

«ፈተና ነው?»

«ፈተና ነው።»

«ጡረተኛ አይፈተንም» አሉና ጣታቸውን መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ አሳረፉ። «ወደ ላይ።»

«እዚህ ጋ ነው እንዴ የሚያዩት?»

«አስራ አንድ ሰዓት አላልሽኝም? ይኸው፣ አስራ አንድ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ወለንጪቲ ጣቢያ ባቡር የተቀበልኩት ሰውዬ ሰዓት ልታስተምሪኝ ነው?»

ጋዲሴ ጎንበስ ብላ ጣታቸው ስር ያለውን አነበበች። በግራፉ ግርጌ የተጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እሷ ያለችው የሀበሻውን አስራ አንድ ሲሆን፣ አባቷ ግን በፈረንጅ ሰዓት በሚሠራው ባቡር ጣቢያ እንደለመዱት የፈረንጁን አስራ አንድ፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ አምስት ሰዓትን፣ የገበያውን መዝጊያ ነው ያዩት። ቀስቱ የቀኑን መጨረሻ አይቶ ነበር የሚተነብየው። መልስ አይቶ ማን ይወድቃል?

መቶ ሃያውን ቀን ብቻዋን እንደገና ሠራችው። ያተረፈው ስድሳ ሁለቱ ብቻ ሆነ፤ ሳንቲም ቢወረወርም ያን ያህል ያገኛል። ደብተሩን ዘግታ የግቢውን በር አየችው። ዝም ብትል ሰኞ እስክትፈርም ማንም አያውቅም። ጸለየች። ከሰማይ ድምፅ አልመጣም፤ የመጣላት የትህትና ስልክ ቁጥር ነው።

«ውጤቱ ስህተት ነው። የማየው ሰዓት ተሳስቶ ነበር» አለቻት።

«እንዴ! ለአለቆቼ ልኬዋለሁ እኮ።»

«እንግዲያው መልሺው።»

«ጋዲሴ፣ ደንቡ ካልሠራ የሚፈረም ነገር የለም። ታውቂዋለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

ስትዞር አባቷ እያዩዋት ነው። ሁሉንም ሰምተዋል።

«የኔ አስራ አንድ ነው?»

መዋሸት አማራት። ዋሽታ ብታስደስታቸው ግን ነገም በዚያው ቀስት ሊሠሩ ነው። «አዎ፣ አባዬ። እኔም የማን ሰዓት እንደሆነ አልነገርኩዎትም።»

«ሰኞ አትሄጂማ።»

«አልሄድም።»

ወደ ግድግዳው ለመዞር ሞከሩ፤ ጎናቸው እምቢ አለ። እንደተንጋለሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዲፋማ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ ይቅርታ፣ ልጄ። በአርባ አራት ዓመቷ ከአባቷ አፍ ይቅርታ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

የመገላበጫቸው ሰዓት ደርሶ ነበር። ትራሱን ይዛ ተነሳች። «ወደ ግራ ላዙርዎት?»

«ቆይ፤ ትንሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።