ሆዱ ገና ነው

ዛሬ ጠዋት ሶዶ ግቢያችን ውስጥ የአባቴን አሮጌ ፒክአፕ ራዲያተር ሳጥብ፣ የዛገው ውሃ ሽታ ታላቅ ወንድሜ ወደተዳረበት ቀን መለሰኝ። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ።

ሙሽሪትን ከዲምቱ ለማምጣት ሚዜዎቹ ሱፋቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። አባቴ ግን ከራዲያተሩ ሥር ባልዲ ደቅኖ፣ ከላይ በጎማ ውሃ ይለቅበታል። ቡናማው ውሃ እየሳሳ መጣ።

«ጠራ! በቃ እንሂድ!» አለ ወንድሜ ከረቫቱን እያስተካከለ።

አባቴ ቀና ብሎም አላየው። «መኪናው ፊቷን ታጠበ እንጂ ሆዱ ገና ነው» አለ። አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል። ሚዜዎቹ ሳቁ።

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ሲሞቅ፣ ውስጥ ተደብቆ የቆየው እንደ ጭቃ የወፈረ ውሃ ተንዶለዶለ። ሳቁ ቆመ። ያን ዕለት ከዲምቱ ሙቀት ሙሽሪትን ይዘን ዳገቱን ስንወጣ፣ መኪናው አንዴም አላፈላም።

ዛሬም ውሃው ጠራ።

«በቃ ጠርቷል፣ ዝጊው» አለ ባለቤቴ።

«መኪናው ፊቷን ታጠበ እንጂ ሆዱ ገና ነው» አልኩና ቁልፉን አዞርኩ።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። የተማሪዎቼን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ይቺን ግን ማንም አይነካብኝም።