ዳኛ በጅምላ ያልመረጡት ጋሽ ታደሰ

አይደለም አልኩ እኮ! ጋሽ ታደሰ አምና እዚህ ዳላስ፣ አዲሰን ምርጫ ጣቢያ የድምፅ መስጫ ማሽኑ ላይ ያን ያህል የቆዩት እንግሊዝኛ አቅቷቸው አይደለም። «አንተ ምን ታውቃለህ?» ለምትሉኝ፣ በመኪናዬ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በሳቸው የሚወራውን ቀልድም የፈጠርኩት እኔው ነኝ።

ማክሰኞ አረፉ። አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ አገር ቤት የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። እዚህ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፉ ነበር። እኔን ግሬፕቫይን ሆቴል ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ለኢንተርቪው የራሳቸውን ክራቫት አንገቴ ላይ አስረውልኛል።

ሶ፣ ያኔ ሰው ሁሉ የተሰለፈው ለፕሬዚዳንት ነው። ከዝርዝሩ ታች ግን የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም ነበሩበት፤ እዚህ ዳኛ ይመረጣል። «ጋሼ፣ ፓርቲውን አንዴ ይንኩት፣ ማሽኑ የፓርቲውን እጩ ሁሉ ይመርጥልዎታል» አልኳቸው። እኔ እንደዛ አድርጌ በአንድ ደቂቃ ወጣሁ። ስንት ዳኛ እንደመረጥኩ ዛሬም አላውቅም።

«ዳኛ በጅምላ አይመረጥም፣ ልጄ» ብለውኝ ገቡ።

ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሰልፍ ላይ ካሉት አበሾች አንዱ «ሽማግሌው ተኙ እንዴ?» ሲል፣ «ኧረ ማሽኑን አማርኛ እያስተማሩት ነው!» አልኩ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ዳላስ ውስጥ እንደኔ የሚያስቅ የለም። ዞር ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል።

መኪና ውስጥ ከኮታቸው ኪስ ወረቀት አወጡ። የእጩዎቹ ስም በአማርኛ ተጽፏል፤ ከየስሙ ሥር የሠሩት ሥራ። ላይብረሪ እየሄዱ፣ በዲክሽነሪ ነው ያነበቡት።

«ሁለቱን የዳኛ ወንበር ወዲያው ጨረስኩ» አሉ። «ሦስተኛው አስቸገረኝ። እኔም ፈርጄ አውቃለሁ፤ የተፈረደበት ሰው ፊት ከዓይኔ አይጠፋም። ለዚያ ነው የቆየሁት።» ወረቀቱን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጡና «ቀልድህ ጥሩ ነው። ሰው ግን ያምንሃል» አሉኝ።

እኔ ግን አላቆምኩም። ሰርግ ላይ አወራሁት፣ ክርስትና ላይ አወራሁት። ሐሙስ ለቅሶ ቤት አንድ ሰውዬ ያንኑ ቀልድ እንደ እውነት አድርጎ ለእኔው መልሶ ነገረኝ። ሁሉም ሳቀ። ልጃቸው ብቻ ቀና ሳትል ብርጭቆ ሰበሰበች። እኔም ቀልዱ የእኔ መሆኑን ሳልናገር ወጣሁ።

ጋሼ፣ ወረቀትዎ መኪናዬ ውስጥ ነው፣ ለልጅዎ እሰጣታለሁ። ነገ ስሸኝዎት ክራቫትዎን ይዤ እመጣለሁ፤ ማሰሩን ግን እስካሁን አላውቅበትም። በሰላም ይረፉ።

እናንተ ያላመናችሁ ደግሞ፣ ያን ቀን ሰልፍ ላይ የነበረ ማንንም ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ቀልዱ የማን ነበር?