ከአንቱ ወደ አንተ

አጎቴ በጂዳና በመካ መሃል ባለችው ባሕራ ከተማ ጎማ ጠጋኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጂዳ ስላሉት የኮሌጅ ተማሪዎቻችን የኳስ ውድድር ቴሌግራም ላይ ዘገባ እጽፋለሁ። አጎቴ አንዱንም ሳያነብ አያልፍም ነበር።

አንድ ቀን ጎማ እየነፋ ደወለልኝ።

«ይቺ ልጅ፣ ዘገባሽ አሰልጣኙን መጀመሪያ ላይ ‹ተናገሩ›፣ መጨረሻ ላይ ‹ተናገረ› ይላል። ምን አጥፍተው ነው?»

«ሦስት ለዜሮ ተሸነፈ እኮ!»

«ቢሸነፉስ! ሰው በዘጠና ደቂቃ ከአንቱ ወደ አንተ ይወርዳል? መኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ ላይ ስምሽ አንዴ ፋጡማ፣ አንዴ ፋጢማ ቢል ያድሱልሻል? አንዱን ይዘሽ ጨርሺ፣ ኸላስ!»

በሳምንቱ ግብ ጠባቂውን ሳይቀር አንቱ አልኩ፤ «ኳሷን በእግሮቻቸው መሃል አሳለፏት» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ሲስቁብኝ እሱ «ወላሂ፣ አሁን አማረ» አለኝ።

ባለፈው ወር አጎቴን መካ ቀበርነው። መርዶውን በቴሌግራም ስጽፍ ዘመዶች «ለሟች አንቱ ነው የሚባለው» ስላሉኝ «አጎቴ አረፉ» ብዬ ላክሁ። ከዚያ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ደውሎ «ይቺ ልጅ፣ ደግሞ እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚለኝ የለም።

መልእክቱን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት፤ «አጎቴ አረፈ።»

በአንተ ጀምሬህ ነበር፤ በአንተ ጨረስኩህ።