የላሟና የዶሮዋ ውል

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው በረት ውስጥ ነበር። ያኔ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ቤታችን ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ስለነበር፣ አያቴ አባባ እንድሪስ «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን የምንመልሰው እዚያው ፍሙ ዙሪያ ተቀምጠን፣ የላሟ የቀንድ ጥላ በኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ እያየን ነበር።

አብልጬ የምወደው የላሟንና የዶሮዋን ውል ነው። ዶሮዋ መዥገር ልትለቅምላት፣ ላሟም በብርድ ልታሞቃት ተማማሉ ይሉናል። እንዴት አላምን! ላማችን ዳለቻ ተኝታ ስታመሰኳ፣ የኔዋ ቀይ ዶሮ ቆጥ ከመውጣቷ በፊት ከጡቷና ከጆሮዋ ሥር መዥገሩን እየነቀለች ስትውጥ በየቀኑ አያታለሁ።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ መዥገሩ ከዶሮ አቅም በላይ ሆነ። ዳለቻ ከሳች፤ ጡቷ ቆሳሰለና ታናሽ ወንድሜ የሚጠጣው ወተት ነጠፈ። አባቴ ከከተማ የመዥገር መድኃኒት ገዝቶ መጣና በውኃ በጥብጦ ረጫት።

«አባባ፣ መርዝ ነው፤ ዶሮዎቹን እንዳይለቋቸው» አለና በቅርጫት ከድኗቸው ወደ እርሻው ወረደ።

ዶሮዬ ቅርጫቱን ስትቧጥጥ ዋለች። የአያቴ አንጀት አልቻለም። «ወላሂ፣ ይቺ ውሏን አትረሳም!» ብለው ከፈቱላት፤ እሷም እየሮጠች ወደ ዳለቻ ሄደች። ሲመሽ ከላሟ እግር ሥር ክንፏን ዘርግታ ሞታ አገኘናት።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዶሮዬ ሞት ይልቅ የከበደኝ ግን የአያቴ ዝምታ ነበር። ዳለቻ ዳነች፣ ውሎ አድሮ ወተቱም ተመለሰ፣ ተረቱ ግን ቀረ። አያቴ ማታ ማታ ፍሙን ይቆሰቁሱና ወደ መደባቸው ይሄዳሉ።

አባቴ ዳግመኛ መድኃኒት ሊረጭ ባሰበበት ዋዜማ ግን ጠሩን። ያንኑ ተረት ጀመሩልን። መጨረሻው ሌላ ሆኖ ነበር፤ ዶሮዋ እየሮጠች ስትመጣ ላሟ አንገቷን አዙራ፣ «እህቴ፣ ዛሬ አትምጪ። ገላዬ ላይ መርዝ አለ፤ ከወደድሽኝ ራቂኝ» አለቻት። ጉልበታቸው ላይ ተደገፍኩ፤ የዶሮዬ ሐዘን የወጣልኝ ያን ምሽት ነው።

አያቴ ካለፉ ቆዩ። ዛሬ በረቱ ከቤቱ ተለይቷል፣ መብራትም ገብቶልናል። ተረቱን ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ የቀይዋን ዶሮ ሞት ግን አልነገርኳትም። ላማችን በምትረጭበት ቀን ማንም ሳያዛት ዶሮዎቹን እየሰበሰበች ትዘጋለች። አንዷ እምቢ ብላ ስታስሮጣት፣ «ዛሬ አትምጪ ብላሻለች እኮ!» ስትል እሰማታለሁ።

ልጄ አያቴን አላየቻቸውም።