የሉዝ ገና

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ አንድ ፈረንጅ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ከመስኮቱ አስደግፎ ከልጁ ጋር እየተያዩ ያወራሉ። አውድማ ላይ የተከመረውን ሩዝ አሳያት። መንገዱን ዘግተው የሚያዘግሙትን ላሞች ሲያሳያት ደግሞ ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች፤ ተሳፋሪውም አብሯት ሳቀ። ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እንዲያውም ተናደድሁ። በሰውየው አልነበረም፤ ደግ አባት ይመስላል። ያናደደኝ ነገሩ እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው። አንዲት እናት እዚሁ መንገድ ላይ የልጇን ድምፅ ፍለጋ ምን እንደሆነች አይቻለሁና።

ሉዝ ትባላለች። ከፊሊፒንስ የመጣች የሩዝ ዘር ባለሙያ ነበረች። እኔ ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ከደሴ በእንግሊዝኛ መምህርነት ተመድቤ ወረታ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሁለታችንም የእትየ ጥሩነሽ ተከራዮች ነበርን። እትየ ጥሩነሽ ባላቸው ሞተውባቸው ግቢያቸውን እያከራዩ የሚኖሩ፣ ጾም የማያስታጉሉ፣ ቃላቸው እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ሴት ነበሩ። ሉዝ ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች፤ ከእሳቸው ጋር ግን በምታውቃት ጥቂት አማርኛ ትጋፈጣለች። ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የምትል። «ደህና አደርህ፣ እትየ?» ስትላቸው፣ «ይችን ሴት ምን ላድርጋት? በእርጅናየ ወንድ አደረገችኝ» ይላሉ።

ኑሮው አልገራላትም። ክረምት ላይ የፎገራ ሜዳ በውኃ ሲሞላ ከማሳ የምትመለሰው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ነው። መንገድ ላይ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሏታል። «ቻይና አይደለም፤ ፊሊፒንስ!» ብላ ብትቆጣ በማግሥቱ «ፊሊፒንስ! ፊሊፒንስ!» እያሉ ተከተሏት። በአገሯ ሩዝ እንዲሁ ነጩን ተቀቅሎ ነው የሚበላው። እዚህ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ፣ ቦክቶ፣ እንጀራ ሲሆን ባየች ቀን «ምን ቢያደርጋችሁ ነው እንዲህ የምታሠቃዩት?» ብላ ጠየቀችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም ነበር።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበራት፤ ኒኖ የሚባል። ከእናቷ ጋር ትታው ነው የመጣች። የእነሱ ገና የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት ነው፤ ዋዜማው ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ማዕድ ይቀርባል። ሉዝ ለልጇ ቃል ገብታለታለች፦ ልክ ማዕዱ ሲቀርብ ትደውላለች፣ እሱም ስልኩን ያነሣል፣ አብረው እንደበሉ ይቆጠራል። የእነሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። የወረታው ስልክ ቤት ግን በዐሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ሞባይል የሚባል ነገር ደግሞ አገራችን አልደረሰም። ያላት አማራጭ ባሕር ዳር ሄዳ ከአንድ ሆቴል መደወል ነበር።

አለቃዋን የአንድ ቀን ተኩል ፈቃድ ጠየቀች። «ገና እኮ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው» አላት። «ያን ዕለት ቢሮው ራሱ ዝግ ነው። ምን ያስቸኩልሻል?» ብትነግረው፣ ብታስረዳው፣ መልሶ መላልሶ የሚያሳያት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ነው። በስንት ልመና ዋዜማውን ከምሳ በኋላ ወጥታ በዓሉን እንድትውል ሲፈቅድላት ፊቱን አጥቁሮ ነበር። ያን ማታ ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና «አስቴር፣ የእኔ በዓል በዚህ አገር ቀን የለውም» አለችኝ።

ዋዜማው ሲደርስ ገበያ ወጥታ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝታ መጣች። ማን ይረድላት? ጾም ነው። ጎረቤታችን ያሉትን ሽማግሌ ሄጄ ለመንኋቸው። «ልጄ፣ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል» አሉኝ። «ያኔ ስንት ዶሮ ቢሆን አርድላታለሁ። አሁን ግን በጾም ቢላዋ አላነሣም።» ይህንኑ ለሉዝ ነገርኋት። ክፍሌ ገብቼ ወተት የሌለው ሻዬን ቀድቼ ስወጣ ዶሮው ታርዷል፤ እሷ እጇን እየታጠበች ነው።

እትየ ጥሩነሽ ከገበያ የተመለሱት በዚያች ደቂቃ ነበር። ዘንቢላቸውን እበሩ ላይ ለቀቁት።

«ማን ነው ያረደው?»

«እኔ» አለች ሉዝ።

«ሴት ልጅ? በጾም? ከእኔ ግቢ?» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «አንች ልጅ፣ ንገሪያት! ሴት ዶሮ አርዳ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ጎረቤት ምን ይለኛል? ንስሐ አባቴንስ ምን እላቸዋለሁ?»

እኔ መሐል ቆሜ ወዲያም ወዲህም መተርጎም ያዝሁ። ሉዝ ደግሞ የከረመባት ሁሉ ወጣላት። «ንገሪልኝ! ስንት ወር ሙሉ የእሳቸውን ጾም አክብሬ ቤቴ ውስጥ ሥጋ አልቀቀልሁም። የእኔን አንድ ቀን ማን ያክብርልኝ?» ይህን ትንሽ አለስልሼ ብተረጉምም እትየ ከፊቷ አንብበውታል።

«እንግዲያው እስከ ገና ሌላ ቤት ትፈልግ» ብለው ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።

ዶሮውን በችኮላ ነጭተን፣ ጨው ነስንሰን ድስት ውስጥ ከደንነው። ከትናንት ጀምሮ የሠራችውን የሩዝ ኬክም ለነገ ደርድረን ተውነው። ኬኩ በአገሯ በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራ፤ እዚህ ከየት ይምጣ? እኔ ነኝ ሱፍ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውኃ አጥልላ እንድትጠቀም የነገርኋት። ዕንቁላልም ወተትም አልገባበትም። እኛም እንድንቀምስላት ብላ ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጋው ነበር። ይህን ለእትየ ጥሩነሽ የምነግርበት ጊዜ አላገኘሁም።

ብቻዋን አልልካትም ብዬ አብሬያት ወጣሁ፤ መናኸሪያ ስንደርስ አንድም መኪና የለም። ብዙ ቆመን ሩዝ የጫነ የጭነት መኪና አገኘንና ጋቢና ተጣበን ተቀመጥን። አየሩ ደረቅ ነው፤ የገለባ ሽታ ሜዳውን ሞልቶታል፣ አውድማው ሁሉ በሬና ሰው ነው። ሉዝ ግን አንዱንም አታይ፤ ዓይኗ ከሰዓቷ ላይ አልተነቀለም። የጉማራን ድልድይ አልፈን ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ተቀያሪውን ቢያወጣው እሱም ባዶ ነው። «አይዟችሁ፣ አሁን ረዳቴ በሚመጣው መኪና ሄዶ አስነፍቶ ይመለሳል» አለ። የሚመጣ መኪና ግን ከየት? አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ሰው በሰው ላይ ተጭኖበት አልፎን ሄደ። እጃችንን ብናወዛውዝ ተሳፋሪዎቹም እጃቸውን አወዛወዙልን።

«በእግር እንሂድ» አለች ሉዝ።

ሐሙሲት ድረስ በእግራችን ሄድን። በስተቀኛችን ፀሐይዋ ወደ ጣና እየወረደች ነው። የምሽቱ ብርድ ከሣሩ ይነሣል። ጫማዬ ተረከዜን ላጠኝ፤ እሷ ከፊት ከፊቴ እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። ከውኃ የሚመለሱ ሴቶች «ምን ሆናችሁ ነው፣ ሰው ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁን። «አይ፣ ገና ነው» አልኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

ሐሙሲት ስንገባ ጨልሟል፤ በዚያ ሰዓት ባሕር ዳር የሚደርስ መኪና አይታሰብም። ስልክ ቤቱም ተዘግቷል። ጠያይቀን የሠራተኛዋን ቤት አገኘነው። ወጣት ሴት ናት፤ ልጇን ታጠባለች። ነገሩን አስረዳኋት።

«ከሰዓት ውጭ መክፈት አይፈቀድልኝም፣ እኅቴ» አለች። «ደግሞስ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው የለም እንዴ?»

ሉዝ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳትተረጎምላት ለይታ አወቀቻት። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው ብሏታል! «የእኔ ገና ዛሬ!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። «አንተ ልጅ አለህ። እኔም ልጅ አለኝ። ልጄ ይጠብቃል!»

ሴትዮዋ የሉዝን ፊት ትክ ብላ አየች፤ ከዚያ ሕፃኑን አዝላ፣ ቁልፉን ከግድግዳ አውርዳ ወጣች።

መስመሩ በአዲስ አበባ በኩል ነው የሚያልፍ። ተሞከረ፣ ተቆረጠ። እንደገና ተሞከረ፣ ተቆረጠ። ሉዝ ጠረጴዛውን በጥፍሯ ትቧጭራለች። በመጨረሻ ጠራ፤ ተነሣም። የስልኩ እጀታ ድምፅ ያሾልካልና እኔም እሰማለሁ፤ የሳሕን ኳኳታ፣ የብዙ ሰው ሳቅ፣ ዘፈን። ከዚያ አንድ ቀጭን የልጅ ድምፅ፦

«ማማ?»

«ኒኖ!» አለች።

«ማማ? ማማ?»

ጮኸች። ስሙን ደጋግማ ጠራች። የቤቱ ጣሪያ እስኪያስተጋባ ጮኸች። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ደንግጦ አለቀሰ። ልጁ ግን አይሰማትም፤ የእሱ ድምፅ ወደ እኛ ይመጣል፣ የእሷ ወደ እሱ አይሄድም። ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ብንሞክር፣ ብንሞክር መስመሩ ጨርሶ ጠፋ። ሠራተኛዋ እሷው እንዳጠፋች ሁሉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላለች።

ያን ሌሊት ሐሙሲት ባረፍንባት ቤት አልጋ ላይ ቁጭ ብላ «ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ሉዝ። «ለአያቱ ነው የነገራት። ‹ማንም የለም› አላት።»

በማግሥቱ ወረታ ስንደርስ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እትየ ጥሩነሽ ጓሮ ጠብቀው ያዙኝ። «ምን አግኝቷት ነው?» አሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የኬኩንም ነገር ጨምሬ። ሰምተው ሲያበቁ አንድ እቅፍ እንጨት ይዘው ከሉዝ በር ፊት እሳት ማንደድ ጀመሩ።

«ተነሽ» አሉ በሩን እየደበደቡ። «ዶሮው ሊበላሽ ነው። ሥሪው። እሳቱን እኔ አነድልሻለሁ፤ እጄን ግን አላስነካም።»

ሉዝ ዓይኗ አብጦ ወጣች። እትየ ከርቀት ቆመው በእንጨት እየጠቆሙ ብልት ሊያስወጧት ሞከሩ፤ እሷ እንደ ልማዷ በዘፈቀደ ቆራረጠችው። ነጭ ሽንኩርትና አቼቶ ስትጨምርበት «አቼቶ? ዶሮን በአቼቶ?» ብለው አማተቡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለእሷ ዶሮው፣ ለእኛ የሩዙ ኬክ ቀረበ። ሉዝ አንድ ጊዜ ጎረሰችና አስቀመጠችው። «ሰው እያየኝ ብቻዬን አልበላም» አለች።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ይኸንስ ልክ ነሽ» አሉ እትየ ጥሩነሽ። «ግን ብቻሽን አይደለሽም። ይኸው እኛ የቀረበልንን እየበላን ነው።» ኬኩን ቆርሰው ጎረሱ። አኘኩ፣ አኘኩ፣ «ሱፉ በዝቶበታል» አሉ። ሁለተኛውንም አነሡ። ስለ ቤት መልቀቅ ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም።

ሉዝ ቤቷን በስልክ ያገኘችው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በእኛ ገና ሰሞን ነው። አያቱ ብትጠራው፣ ብትለምነው «አላናግራትም» ብሎ ከመኝታ ቤት አልወጣም። የውሏ ዘመን ሳያልቅ፣ በሚያዝያ፣ የዘር ሥራዋን ለሌላ ሰው አስረክባ አገሯ ገባች። ከዚያ በኋላ ወሬዋን አልሰማሁም።

እትየ ጥሩነሽ ዐረፉ። እኔም ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ወረታ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ ወጣሁ። ኒኖ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ የራሱ ልጆች ይኖሩታል። እናቱ የዚያን ምሽት ነገር ነግራው ይሆናል፤ ግን ልጅ የእናቱን ምክንያት መቼ ሙሉ በሙሉ ያምናል? እኔ ቆሜ አይቻለሁ። አቅፋ የያዘችውን እጀታ፣ የጮኸችውን ጩኸት፣ አቧራ የለበሰ እግሯን አይቻለሁ። ቢጠይቀኝ ቃል በቃል እነግረው ነበር፦ ሰው ነበረ፣ ኒኖ። እናትህ እዚያው ነበረች፤ ድምፅህንም ሰምታዋለች። ይህን የምታውቅ ምስክር ይኸው ፎገራ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። የሚጠይቃት ግን አልመጣም።